የዜማ መሣሪያን በገዛ እጅ ስለ ማቃናት፤ የየኔታና የወጣቱ ምልልስ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ በሚያልፍባት በጭልጋዋ አይከል፣ የዜማን ትምህርትና የበገናን ሥራ አብረው ይዘው የሸመገሉ አንድ መሪጌታና የትምህርት ቤት መምህር የሆነ አንድ ወጣት ስለ ጊታር አያያዝና አጠጋገን የተነጋገሩትን ከዚህ በታች አስፍረነዋል። ወጣቱ የጊታርን ነገር ከመጻሕፍትና ከእጁ ልምድ ተምሮታል፤ የኔታ ደግሞ ጊታር ደርድረው ባያውቁም ገበቴ ፈልፍለው፣ ቆዳ ፍቀው፣ ጅማት አክርረው በገና ያቆሙ ሰው ስለ ሆኑ ጥያቄያቸው ሁሉ ከሥራው መሠረት የሚነሣ ነው። ጊታር የያዘ ወጣት በየአገሩ እየበዛ ሲሄድ ጊታርን የሚያቃና ባለሙያ ግን በታላላቅ ከተሞች ብቻ ስለ ተወሰነ፣ ጥቂት ዕውቀትና ጥቂት ትዕግሥት ያድኑት የነበረ መሣሪያ ተበላሽቷል ተብሎ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ምልልስ ለባለ ጊታሮች ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የኔታ፦ ልጄ፣ ይህ ጊታርህ በሐምሌ ድምፁ የጠራ ነበር፤ አሁን በየካቲት ግን ወፍራሞቹ አውታሮች በተመቱ ቁጥር ዝዝ የሚል ድምፅ ይከተላቸዋል። ጎንደር ሄደህ ለባለሙያ ብትሰጠው አይሻልም?

ወጣቱ፦ የኔታ፣ ይፍቀዱልኝና እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በገናዎ ከቅኝቱ ሲወጣ ወይም አውታሩ ሲበጠስ ወደ ማን ይወስዱታል?

የኔታ፦ ወደ ማንም አልወስደው። በገና የሚደረድር ሰው አውታሩን ራሱ ያከርራል፣ ራሱ ያስራል፣ ራሱ ይቃኛል፤ ይህን የማይችል ሰው መዝሙሩን ቢያውቅ እንኳ ባለ በገና አይባልም። የአዝማሪውም ሥርዓት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከጎንደር ብዙ በማትርቀው በአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ ልጁ ከአባቱ የሚወርሰው ዜማውንና ግጥሙን ብቻ ሳይሆን፣ የፈረሱን ጭራ መርጦ ማሰሩን፣ ቆዳውን በሣጥኑ ላይ መወጠሩን፣ ደጋኑን ሙጫ መቀባቱን ጭምር ነው። ማሲንቆው በመንገድ ቢበላሽበት በመንገድ ዳር ተቀምጦ ያበጀዋል፤ ሠርገኛው ይጠብቀዋልና።

ወጣቱ፦ እንግዲህ የእኔም ክርክር ይኸው ነው። ጊታር ከሩቅ አገር ፋብሪካ በሣጥን ታሽጎ ስለ መጣልን፣ ባለቤቱ መቃኛውን ከማዞር በቀር በመሣሪያው ላይ ሌላ ሥልጣን የሌለው ይመስለዋል፤ ከዚያ ያለፈውንም ሁሉ ለሌላ ሰው የተከለለ ምሥጢር አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን አውታርን በትክክለኛ ውጥረት መያዝ መቃኘት ከተባለ፣ ያንኑ አውታር በትክክለኛ ከፍታ፣ በትክክለኛ ርዝመትና በቀና አንገት ላይ ማኖር የዚያው ሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው እንጂ ሌላ ጥበብ አይደለም። አባቶቻችን በክራር፣ በማሲንቆና በበገና ላይ ያጸኑት ሥርዓት፣ ማለት ደርዳሪው ራሱ የመሣሪያው ጠባቂ የመሆኑ ሥርዓት፣ ጊታርንም ተቀብሎ ሊገዛው ይገባል እላለሁ።

የኔታ፦ ክርክርህ መልካም ነው፤ ሆኖም በሥራ ይረጋገጥ። በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት የአላዋቂ ነውና ከምክንያቱ ጀምር። ከሐምሌ እስከ የካቲት በዚህ እንጨት ላይ ምን ደረሰበት?

ወጣቱ፦ እንጨት ከተቆረጠና ከተጠረበ በኋላም ቢሆን ከአየሩ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም፤ አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን ይመልሳል፤ በዚህም ጊዜ ወደ ቁመቱ በኩል የሚያደርገው ለውጥ እጅግ ጥቂት ሲሆን ወደ ጎኑ በኩል ግን ይሰፋል፣ ይጠባል። የቦክስ ጊታር ገጽ ውፍረቱ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስስ ሳንቃ ስለ ሆነ፣ ይህን ለውጥ ከሌላው አካሉ ሁሉ ይልቅ እርሱ ይገልጠዋል። በክረምት ገጹ ያብጥና በላዩ የተተከለውን በርኩማ ሽቅብ ያነሣዋል፤ አውታሮቹም ከአንገቱ ስለሚርቁ ጣትን ያደክማሉ። በበጋ ገጹ ይሰምጥና በርኩማው ዝቅ ይላል፤ አውታሮቹም በአንገቱ ላይ ወደ ተደረደሩት የብረት ፍሬቶች ስለሚቀርቡ በሚንቀጠቀጡ ጊዜ ይነኳቸዋል። ጊታር ሠሪዎች ለእንጨቱ የሚመርጡለት የአየር እርጥበት ከመቶ ከ45 እስከ 55 ያለው ነው፤ የደጋችን አየር ግን በበጋ ከዚህ በታች ይወርዳል፣ በክረምትም ከዚህ በላይ ያልፋል።

የኔታ፦ የበገና ቆዳም እንዲሁ ነው፤ በዝናሙ ወራት ይላላል፣ በነፋሱ ወራት ይወጠራል፤ እኛም ቅኝቱን እንደ ወራቱ እናስተካክላለን። ጉድለቱ ከአየሩ የመጣ ከሆነ ግን፣ ዕቃውን በሞረድ ከመንካት አስቀድሞ አየሩን ማቃናት አይገባምን?

ወጣቱ፦ በእውነት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚስተውም በዚህ ነው። በየካቲት ዝዝ ሲል አጥንቱን በሌላ ከፍ ያለ አጥንት ይለውጣል፤ ሐምሌ ሲደርስ ገጹ መልሶ ያብጥና አውታሩ ከጣት ይርቅበታል፤ ያን ጊዜ አጥንቱን ይሞርዳል፤ በሚመጣውም በጋ ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ይከፋል። ይህን ከማድረግ ይልቅ በደረቁ ወራት ጊታሩን በማኅደሩ ውስጥ ዘግቶ ማኖር፣ በማኅደሩም ውስጥ ውኃው ተጨምቆ የወጣለት እርጥብ ስፖንጅ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ አድርጎ፣ እንጨቱን እንዳይነካ ከአንገቱ ራስ አጠገብ ማስቀመጥና በደረቀ ቁጥር ማርጠብ ይበቃል። በዝናሙም ወራት እርጥበት በሚስበው የጭቃ ግድግዳ ላይ አለመስቀል፣ በማናቸውም ጊዜ ከምድጃና ከምጣድ ሙቀት ማራቅ፣ ወደ መተማ ቆላ ሲወርዱም በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አለመተው ያስፈልጋል፤ በርኩማውን ከገጹ ጋር የያዘው ሙጫ በሙቀት ይላላልና።

የኔታ፦ አንድ ነገር ያስደንቀኛል። አንተ ከጊታርህ ልታስወግደው የምትደክምበትን ይህን ድምፅ፣ እኛ በበገና ላይ ደክመን የምናመጣው ነው። በበገና ዐሥር አውታሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ እናገባለን። እንዚራውን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስንገፋው አውታሩ የበርኩማውን ገጽ ለመንካት ያህል ይነካና ያን ግርማ ያለውን፣ ልብን ወደ ተመስጦ የሚመራውን ድምፅ ይሰጣል። ከቦታው ጥቂት ሲዛነፍ ግን አውታሩ ወይ ይታፈናል፣ ወይ ድምፁ ይሳሳል። ተማሪ ይህችን ቦታ ለማግኘት ብዙ ወራት ይለፋል።

ወጣቱ፦ ይህ የነገሩት ጊታርን ለሚያቃና ሰው ከማናቸውም መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነው። የሚንቀጠቀጥ አውታር አንድን ጠንካራ ገጽ ለጥቂት ሲነካ፣ ጉዞው በየጊዜው ስለሚገታ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወልዳል፤ የበገናው እንዚራና የጊታሩ ፍሬት የሚሠሩት በዚህ በአንድ ሕግ ነው። ልዩነቱ በበገና ላይ ንክኪው በጥበብ የተቀመጠና ለእያንዳንዱ አውታር በልክ የተሰጠ ሲሆን፣ በጊታር ላይ ግን ያልታሰበና ለአንዳንድ አውታሮች ብቻ የደረሰ መሆኑ ነው። እንግዲህ የግማሽ ሚሊ ሜትር ለውጥ ድምፅን ከግርማ ወደ ጉድለት፣ ከጉድለትም ወደ ግርማ እንደሚያሻግር የበገና ደርዳሪ በጣቱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ባለ ጊታሩም ይህንኑ በጣቱ እስኪያውቅ ድረስ መትጋት አለበት።

የኔታ፦ እሺ፤ አየሩን አቃንተህ፣ ሳምንትም ታግሠህ ጉድለቱ ባይለቅ እጅህን ከየት ትጀምራለህ?

ወጣቱ፦ ከአውታሮቹ እጀምራለሁ። ላብና ዝገት የበላው አሮጌ አውታር በርዝመቱ ሁሉ እኩል ክብደት ስለማይኖረው በማናቸውም ብልሃት አይቃናም፤ አዲስ አውታር ሳያስገቡ ስለ ሌላው መፍረድ ሐሰተኛ ምስክር ይዞ እንደ መፍረድ ነው። በዚህም ላይ አንድ ታላቅ ጥንቃቄ አለ። ከቦክስ ጊታሮች አንዳንዶቹ ለናይለን አውታር፣ ሌሎቹ ለብረት አውታር የተሠሩ ናቸው፤ ስድስቱ የናይለን አውታሮች ሲቃኙ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ሲስቡ፣ የብረቶቹ ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። የናይለኑ ቢበጠስበት በገበያ ያገኘውን ብረት የሚያስር ሰው፣ ዛሬ ድምፁ ስለ ጎላለት ደስ ቢለውም፣ ጥቂት ቆይቶ በርኩማው ከገጹ ተገንጥሎ ያገኘዋል።

የኔታ፦ ከሰባ ኪሎ በላይ! ከአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት የማያንስ ሸክም ነው። ያ ቀጭን አንገት ሳይጎብጥ እንዴት ይችለዋል?

ወጣቱ፦ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ በብረት አውታር ጊታሮች አንገት ውስጥ፣ ጣት ከሚጫንበት ሳንቃ በታች፣ አንድ የብረት ዘንግ ተቀብሯል። ይህን የሚስተካከል ዘንግ በጊብሰን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ታዲየስ ማክሂዩ የተባለ አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ አበጀው። ዘንጉ ሲጠብቅ አውታሮቹ ወደ ፊት የሚስቡትን አንገት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ሲላላ ደግሞ ለአውታሮቹ ይለቅላቸዋል። የናይለን ጊታሮች አብዛኞቹ ይህ ዘንግ የላቸውም፤ አንገታቸው ወፍራም፣ ሸክማቸውም ቀላል ነውና።

የኔታ፦ እንግዲያስ አንገቱን ፍጹም ቀጥ እስኪል ድረስ ማጥበቅ ነዋ?

ወጣቱ፦ አይደለም፤ ፍጹም ቀጥ ያለ አንገት ፍጹም አይደለም። አውታር ሲመታ እጅግ ሰፍቶ የሚወዛወዘው በመካከሉ ስለ ሆነ፣ አንገቱም በመካከሉ ጥቂት ጎድጎድ ብሎ ለዚያ ውዝዋዜ ስፍራ ሊተውለት ይገባል። መለኪያውም አውታሩ ራሱ ነው፤ የተወጠረ አውታር ቀጥ ያለ መሥመር ስለ ሆነ፣ በአንድ እጅ የመጀመሪያውን ፍሬት፣ በሌላው እጅ አንገቱና አካሉ የሚገናኙበትን ፍሬት ተጭነን ስንይዝ፣ በሰባተኛው ፍሬትና በአውታሩ መካከል የሚታየው ክፍተት የአንገቱን ጉድጓድ ይነግረናል። ክፍተቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደኅና ነው፤ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ተራ የጽሕፈት ወረቀት የሚያልፍበት ያህል ነው። ከዚህ የበለጠ ትክክል የሚሻ ሰው፣ በዚህ መንገድ ዳር መኪና የሚጠግኑ መካኒኮች የሞተር ቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች ተውሶ ይጠቀም። ክፍተቱ ሲበዛ ዘንጉን መካኒኮቹ ብሩጎላ በሚሉት ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ወደ ቀኝ፣ ሲጠፋ ወደ ግራ እናዞራለን፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አናልፍም፤ ከዞረም በኋላ እንደ ገና ቃኝተን፣ እንጨቱ እስኪያርፍ ቆይተን እንለካለን። ቁልፉ እምቢ ባለ ጊዜ ጉልበት መጨመር አይገባም፤ የተበጠሰ ዘንግ በቤት የሚጠገን አይደለምና።

የኔታ፦ ይኸው ወረቀቱን ሰጠሁህ፤ በዚህኛው ላይ ለካና አሳየኝ።

ወጣቱ፦ ይመልከቱ፤ ሁለቱ ወረቀቶች ገብተው ሦስተኛው ሲገባ አውታሩን ነካ አደረገው። አንገቱ እንግዲህ ንጹሕ ነው፤ ቁልፉን አልነካም። ገጹን ቀጥ ባለ ማስመሪያ ስንለካው ግን በበርኩማው ፊት ሰምጦ ይታያል፤ በዚህም ጉድለቱ የወራቱ እንጂ የአጥንቱ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ስለዚህ የዚህ ጊታር መድኃኒቱ ያ እርጥብ ስፖንጅ ነው፤ ሞረድ አይደለም።

የኔታ፦ መለካት እጅን ከጥፋት ይከለክላል፤ ይህን አመሰግናለሁ። ግን አጥንት አጥንት ስትል ሰማሁህ፤ የትኛውን አጥንት ነው?

ወጣቱ፦ አውታሮቹ የሚያርፉት በሁለት ስስ ዘንጎች ላይ ነው፤ አንዱ በአንገቱ ራስ ያለውና ስድስት ስንጥቅ ያለበት፣ ሁለተኛው በበርኩማው ላይ የቆመው ነው። በርካሾቹ ጊታሮች ላይ ሁለቱም የፕላስቲክ ናቸው፤ በደኅናዎቹ ላይ ከአጥንት ይሠራሉ፤ አጥንት ጽኑ ስለ ሆነ የአውታሩን ንዝረት ሳያደክም ወደ እንጨቱ ያሳልፋል።

የኔታ፦ ይህስ ከእኛ ይገኛል። የበሬ ቅልጥም ከሥጋ ቤት ወስደህ፣ መቅኔውን አውጥተህ፣ ስቡ እስኪለቅ ቀቅለህ፣ ከፀሐይ ሳይሆን ከጥላ ብዙ ቀን አድርቀው። ስብ የቀረበት አጥንት ቢጫ ይሆናል፤ ፈጥኖ የደረቀም ይሰነጠቃል። ከዚያ በመጋዝ ቆርጠህ በደንጊያ ላይ እያሸህ ልኩን ታበጀዋለህ። ልኩን ግን አንተ ንገረኝ።

ወጣቱ፦ የታችኛው አጥንት ልክ የሚታወቀው በ12ኛው ፍሬት ላይ ነው። በብረት አውታር ቦክስ ጊታር ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ አውታር ሥር ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ እስከ ቀጭኑ ወደ 2 ሚሊ ሜትር፤ በናይለን ጊታር ወደ 4ና ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይስማማል። 12ኛው ፍሬት የአውታሩ እኩሌታ ስለ ሆነ፣ በዚያ ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ከአጥንቱ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር መቀነስ ያሻል። የሚፋቀውም በአናቱ በኩል አይደለም፤ በሥሩ በኩል፣ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት እያሹ ነው፤ አናቱ የአንገቱን ክብነት ተከትሎ የተቀረጸ ነውና። የላይኛውን ለመፈተን ደግሞ እያንዳንዱን አውታር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጭኖ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ የሚቀረውን ክፍተት ማየት ነው፤ ከአንድ ስስ ወረቀት ያልበለጠ፣ ነገር ግን ፈጽሞ ያልጠፋ ሊሆን ይገባል። ክፍተቱ የበዛ እንደ ሆነ ስንጥቁን በቀጭን ሞረድ፣ ወደ መቃኛው በኩል ጥቂት እያዘነበልን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየሞረድን አንድ ጊዜ እየፈተንን እናጠልቀዋለን። ብዙ የጠለቀውን በአጥንት ዱቄትና በብርቱ ሙጫ ሞልቶ እንደ ገና መቅደድ ይቻላል፤ ሆኖም መጨመር ሁልጊዜ ከመቀነስ ይከብዳልና አሮጌውን አጥንት ሳይነኩ አስቀምጦ በአዲስ ላይ መሥራት የጥበበኛ ነው።

የኔታ፦ በመቃኛው ስታዞር አንዳንዴ አውታሩ ቆይቶ በድንገት ጠቅ ብሎ ይዘላል፤ እርሱስ?

ወጣቱ፦ አውታሩ በስንጥቁ ውስጥ ስለ ተያዘ ነው። ስንጥቁን በለስላሳ እርሳስ ቢቀቡት የእርሳሱ ጥቁር ዱቄት ያንሸራትተዋል። ብዙ ሰው «መቃኛው አይዝም» ብሎ መቃኛ የሚለውጥበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ወይም አዲስ አውታር ሳይጎተትና ሳይለመድ ስለ ቃኘው ነው።

የኔታ፦ ከፍታው ተስተካከለ እንበል። ድምፁ ራሱስ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ባዶው አውታር በቅኝቱ ላይ ሆኖ ሲጫኑት ከቅኝቱ ቢወጣ?

ወጣቱ፦ ለዚህም ምስክሩ ያው 12ኛው ፍሬት ነው። በዚያ ቦታ አውታሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ሲመቱት ጥርት ያለ የስምንተኛ ድምፅ ይሰጣል፤ ተጭነውም ሲመቱት ያንኑ ድምፅ መስጠት አለበት። መጫን አውታሩን ጥቂት ስለሚወጥረው ግን ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለም የአውታሩን ርዝመት በበርኩማው በኩል ጥቂት እንጨምርለታለን፤ ዝቅ ካለ እናሳጥራለን። በኤሌክትሪክ ጊታር ይህ በእያንዳንዱ አውታር ሥር ባለ ብሎን ይሠራል፤ በብረት አውታር ቦክስ ጊታር ግን አጥንቱ አስቀድሞ በሰያፍ የቆመው ለዚህ ነው፤ የአናቱንም ጠርዝ በጥቂቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በመቅረጽ ይታረማል። ይህ ሥራ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ አንገቱና ከፍታው ሳይቃኑ ርዝመቱን ማረም ከንቱ ድካም ነውና።

የኔታ፦ ሥርዓቱን ወደድሁት፤ አየር፣ አውታር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ ርዝመት፤ እያንዳንዱ ለሚከተለው መሠረት ይሆናል። ነገር ግን የባለቤቱ ሥልጣን ወሰን የለውምን?

ወጣቱ፦ ወሰን አለው። በጣት አጥንት ገጹን ስናንኳኳ ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ቢሰማ፣ ገጹን ከሥር የያዘው ቀጭን እንጨት ሙጫው ለቆታል ማለት ነው፤ በበርኩማው ጠርዝ ሥር ወረቀት ሲገባ ቢገኝም በርኩማው መነሣት ጀምሯል። እነዚህን ለእንጨት ሥራ እጁ የለመደ ሰው በትዕግሥት ያጣብቃቸዋል፤ ለጀማሪ ግን አውታሮቹን አላልቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይሻለዋል። ፍሬቶቹን በሞረድ ማስተካከል፣ የተሰበረ አንገት ማጣበቅ፣ የተበጠሰ ዘንግ ማውጣት ከዚያ ወሰን ማዶ ናቸው። ባለቤቱ ሊመለስ የሚችለውን ሁሉ ይሥራ፤ የማይመለሰውን ግን ይተው፤ የሚተወውንም ነገር በስሙ ጠርቶ ለባለሙያው ቢነግር ግማሹን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

የኔታ፦ አሁን ወደ ልቤ ጥርጣሬ ልምጣ። እኛ ስንቃኝ የምንከተለው የዘማሪውን ጉሮሮ ነው፤ አውታሩን ድምፁ ደስ እስኪለው ድረስ ከፍ ዝቅ እናደርገዋለን። የአንተ ፍሬቶች ግን ድምፁን በየቦታው ቸንክረውታል። እንግዲህ ይህን ያህል ደክመህ ያቃናኸው ጊታር ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን በእውነት ይናገራል?

ወጣቱ፦ ጥያቄዎ እውነት አለበት። ፍሬቶቹ ስምንተኛውን ድምፅ ለዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚከፍሉ ናቸው፤ ሠሪው የቀረውን የአውታር ርዝመት በየጊዜው ለ17.817 እየከፈለ ይተክላቸዋል፤ ርዝመቱ 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ከላይኛው አጥንት በ36.4 ሚሊ ሜትር ይቆማል። የከዋክብት ተመራማሪው የጋሊሌኦ አባት ቪንቸንሶ ጋሊሌይ በ1581 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለ18 እንዲከፈል ጽፎ ነበር፤ በእርሱ ስሌት ግን 12ኛው ፍሬት በዚህ ርዝመት ላይ ከእኩሌታው ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ያጥራል። የዛሬው ስሌት ስምንተኛውን ትክክል ቢያደርግም፣ በመካከል ያሉትን ድምፆች ሁሉ በጥቂቱ አዛንፎ ነው፤ ትልቁ ሦስተኛ ድምፅ ከንጹሑ የግማሽ ድምፅን ሰባተኛ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ማናቸውም ማቃናት ሊያርመው የማይችለው ጉድለት በጊታር ውስጥ አለ፤ ይህንም የማያውቅ ሰው የፍሬቱን ሕግ በሞረድ ሊያርም ሲታገል መሣሪያውን ያጠፋል። ሆኖም የደርዳሪው ጣት አውታሩን በመሳብና በማንሸራተት በፍሬቶች መካከል ያለውን ድምፅ ያወጣል። ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ በጊታር የደረደራቸውን ዘፈኖች የሰማ ሰው የእኛ ቅኝት በዚህ መሣሪያ ሊናገር መቻሉን አይጠራጠርም። ጣት ይህን የሚሠራው ግን አውታሩ በልኩ ከፍታ ሲቆምለት ነው፤ የማይጫን አውታር አይሳብም፣ ፍሬት የሚነካ አውታርም ሲሳብ ይታፈናል።

የኔታ፦ ከጥንት ጀምሮስ ፍሬቱ እንዲህ በብረት የተቸነከረ ነበር?

ወጣቱ፦ አልነበረም። ቪንቸንሶ የጻፈለት ሉት የተባለው የጊታር ዘመድ፣ የጥንቱም ጊታር ራሱ፣ ፍሬታቸው በአንገቱ ዙሪያ የታሰረ ጅማት ነበር፤ ደርዳሪው እንደ ጆሮው ፍርድ ወደ ላይ ወደ ታች ይገፋው፣ ሲያልቅም ራሱ ይለውጠው ነበር።

የኔታ፦ እንግዲህ ክርክርህ ሙሉ የሆነው አሁን ነው፤ መጀመሪያ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ አልከራከርህም ነበር። የእኛ በገና ደርዳሪ እንዚራውን እንደሚገፋ፣ የእነርሱም ደርዳሪ ጅማቱን ይገፋ ከነበረ፣ ባለ ዜማው የመሣሪያው ዳኛ መሆኑ የእኛ ብቻ ሥርዓት አይደለም፤ የጊታርም የቀድሞ ሥርዓት ነው። ብረቱ ሲተከል ከደርዳሪው ሥልጣን ከፊሉ ተወሰደ፤ አንተ ያልኸኝ አንገት፣ አጥንት፣ ከፍታና ርዝመት የቀሩለት ናቸው። የቀረውን ደግሞ በቸልታ ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይገባም። ይህ የገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይመስለኝም፤ አውታሩን በራሱ እጅ ከፍና ዝቅ ያደረገ ሰው ከዚህ በፊት ያልሰማውን ልዩነት መስማት ይጀምራልና ጆሮው በእጁ ያድጋል።

ወጣቱ፦ ለተማሪዎቼ ላስተምረው አስቤአለሁ፤ ግን በምን ልጀምር?

የኔታ፦ በመዝገብ ጀምር። ማስተማርህ ራሱ ታላቅ ነገር ነው፤ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ደርዳሪውን ዓለሙ አጋን ባያስተምሩት፣ እርሱም በተራው በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወንበር ዘርግቶ ባያስተምር፣ ይህ ጥበብ ምን ያህል በሳሳ ነበር! የአንተም ትምህርት እንዳይሳሳ እያንዳንዱ ተማሪ ለጊታሩ አንድ ደብተር ይኑረው፤ በሐምሌ አንድ ጊዜ፣ በየካቲትም አንድ ጊዜ የአንገቱን ክፍተት፣ በ12ኛው ፍሬት ያለውን ከፍታና የገጹን ሁኔታ ለክቶ ይጻፍበት። ሁለት ዓመት የጻፈ ሰው የወራቱን ለውጥ ከእውነተኛው ጉድለት ይለያል፤ መቼ እጁን እንደሚያነሣ፣ መቼም እጁን እንደሚሰበስብ ያውቃል። እስኪለይም ድረስ ሞረዱን አንተ ዘንድ አቆየው፤ ደብተሩን መርምረህ ለተገባው ብቻ ስጠው።